ዱላ ያነሣው ሻፍት

ባለፈው የገና ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ባልንጀሮች ተሰብስበን ፊልም ስናይ ሰነበትን። ሁለታችን የቢቸና ልጆች ነን፤ ሦስተኛው ሞጣ ተወልዶ ያደገ ነው። ሲኒማን የተዋወቅነው በየከተማችን ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጣበን፣ የማናውቀውን እንግሊዝኛ አንድ ደፋር እንደመሰለው እየተረጎመልን ነው። ዛሬም ስንገናኝ አንድ የድብድብ ፊልም ሳናይ አንለያይም።

የዘንድሮው ተራ የ«ሻፍት ኢን አፍሪካ» ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ፣ ጆን ጊለርሚን ያዘጋጀው፣ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት የሻፍት ፊልሞች መደምደሚያው ነው። ገበያ አልቀናውም፤ ቶሎ ተረሳ። ከእርሱ ይልቅ ዕድሜ ያገኘው የጆኒ ፔት ሙዚቃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ጄይ ዚ ለዘፈኑ ተውሶታል። በእኛ ዘንድ ፊልሙ ከተነሣ የሚነሣው ከፊሉ እዚሁ አገራችን በመቀረጹና ደበበ እሸቱ ስለተወነበት ነው።

የኒው ዮርኩ የግል መርማሪ ዱላ ሲያነሣ የሞጣው ወዳጃችን ሳቀ። «ለጎጃም ሰው ዱላ ሊያሳይ!» አለ። ተማሪ ሳለን፣ በተገለበጠ ሲዲ ስናየውም የሳቅነው እዚሁ ላይ ነበር። ታሪኩን ግን ያኔ ልብ አላልነውም። ሻፍት የሚላከው ወጣት አፍሪካውያንን በሥራ ተስፋ እያማለለ፣ አውሮፓ አሻግሮ በባርነት የሚሸጥ ቡድን ውስጥ ሠርጎ እንዲገባ ነው። ነጋዴው በፓሪስ ይከብራል፤ የተሸጡት በአንድ አሮጌ ቤት ይታጨቃሉ።

በዚያው ዓመት ሌላ ፈረንጅ ካሜራ ይዞ ወሎ ገብቶ ነበር። የጆናታን ዲምብልቢ የረኀብ ዘገባ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ታየ፤ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር ተቀናብሮ በአገራችን ቴሌቪዥን ቀረበ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ያ ፊልም በታሪክ መጻሕፍት ቦታውን አግኝቷል፤ ይገባዋልም። ይኸኛው ግን ተኩስና አልጋ ስለበዛበት (አልጋው እንኳ ያለ ቅጥ በዝቷል) ማንም ቁም ነገር አልፈለገበትም። እኛም አልፈለግንበትም። ስለ ደላላና ስለ ስደት ያወራው ግን እርሱ ነበር፤ ያውም የመተማ መንገድ በየቡና ቤቱ መወራት ሳይጀምር።

በማግስቱ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» አየን። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘ፣ የሚመሰገን ፊልም ነው። እግሩን አጥቶ ከጀርመን የተመለሰው አንበርብር እናቱ ደጅ ሲደርስ አለቀስን፤ አልደበቅነውም። እኔን ግን ሌሊቱን እንቅልፍ የነሣኝ የሻፍት ፊልም ነው። አንበርብር መጥቷል። ቢቸና ከእኛ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ የነበረው፣ ያ ደፋሩ አስተርጓሚያችን፣ በመተማ በኩል ከወጣ ዓመታት አለፉ፤ ከሊቢያ አንድ ጊዜ ደውሎ ድምፁ ጠፋ። እናቱ ተስካር ይውጣለት ሲሏቸው እምቢ ብለዋል።

ለመለያየት ስንነሣ የሞጣው ወዳጃችን ሻፍትን እንደገና ከፈተው። ድብድቡን አሳለፈው፤ ዱላውንም አሳለፈው። ሰዎቹ የታጨቁበት ቤት ላይ ሲደርስ ምስሉን አቆመና ከኋላ የተቀመጡትን በጣቱ ያሳየን ጀመር።

«እስቲ እዩት፣ ይሄኛው አይመስለውም?»