የቃል ትምህርትና የትምህርት ሳይንስ

የቄስ ትምህርት ቤት በሽምደዳነቱ በጅምላ ሲወገዝ ኖሯል። ታሪኩ ግን ሁለት ገጽታ አለው። ተማሪው ቀን ከመጽሐፍ ያነባል፤ ማታ በጨለማ፣ ያለ መጽሐፍ፣ የቃል ትምህርቱን ለየኔታ ያሰማል።

ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ያልተደገመ ትምህርት ፈጥኖ እንደሚረሳ፣ በየቀኑ ተከፋፍሎ የተደገመው ግን እንደሚጸና በራሱ ላይ ሞክሮ አሳየ። ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ባሳተሙት ሙከራ ደግሞ፣ ከሳምንት በኋላ የበለጠ ያስታወሱት ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ሳይሆኑ፣ ሳያዩ ለማስታወስ የታገሉት ነበሩ።

እንግዲህ ከየኔታ ልንወርስ የሚገባን ይህን በቃል የማሰማት ልማድ ነው፤ ልንተው የሚገባን አለንጋውንና ትርጉሙ ያልተገለጠለትን ግእዝ ለሕፃን ማስጠናቱን ነው። ነገ በሀገራችን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስንቆም፣ ከማስገልበጥ በፊት እንጠይቅ፤ ተማሪው መጽሐፉን ዘግቶ ይመልስ፤ ከዚያም በትርጉሙ ላይ ይከራከር።