ከአባ ሻንቆ እስከ ጋሪው ፈረስ

በአገራችን ሞፈርና ቀንበር በአብዛኛው ለበሬ ሲተው፣ ፈረስ ለዘመቻ፣ ለጉግስና ለማዕረግ ይያዝ ነበር። መኳንንቱም በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል «አባ ሻንቆ»። ሚካኤል ገና ራስ ሳሉ በ1888 ዓ.ም. የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ዐድዋ ዘመቱ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ሲማረኩ ግን የፈረሰኛው ዘመንም አብሮ መምሸት ጀመረ።

መትረየስና መኪና ሲበረክቱ ፈረስ ከኮርቻ ወደ ጋሪ ወረደ። ከሀብሩዋ መርሳ እስከ ወልዲያ ባለው አገር ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ባየሁ ቁጥር ይህንኑ አስባለሁ። ውርደት ነው ለማለት ግን አልደፍርም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፣ የሚጋልቡት መኳንንት አይደሉም፤ በፈረስ ሲያርሱና ሲጭኑ የከረሙ ገበሬዎች ናቸው። ፈረሱ ሥራ ላይ ስለዋለ ክብሩ አልጎደለም።

እንግዲህ ሊያሳስበን የሚገባው ጋሪው ሳይሆን የጋሪው መቅረት ነው። ባጃጅ የባለጋሪውን ገበያ ሲወስድበት ፈረሱን ማን ይቀልባል? የጥምቀት ጉግስ የሚያምረን ከሆነ፣ በአዘቦቱ ቀን ፈረሱን የሚያኖረውን ባለጋሪ ልናስብለት ይገባል።