ዳኛን ማን ይምረጠው? ከመንገድ ዳኛ እስከ ምክር ቤት ሹመት

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላል ያገራችን ሰው። ለፍርድ ይህን ያህል ክብር የሚሰጥ ሕዝብ ዳኛውን ማን እንደሚመርጥለት ሊጠይቅ ይገባል።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ እንደ ሌላው የደጋ አገር ሁሉ፣ በጥንቱ ዘመን የፍርድ መጀመሪያው መንገድ ዳር ነበር። ሁለት ሰዎች በድንበር ወይም በከብት ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ይላል፤ ሌላው ይቆማል። ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ይሄዱና ያገኙትን ጨዋ ሰው «እባክዎ ይዳኙን» ይሉታል። የመንገድ ዳኛ ማኅተም የለው፣ ደመወዝ የለው። ሥልጣኑ የሚመነጨው ሁለቱም ተሟጋቾች «ይዳኘን» ብለው ከመስማማታቸው ነው። ያልተዋጠለት ይግባኝ እያለ እስከ ንጉሡ ችሎት ይዘልቃል።

ይህን ዘመን ግን ከልክ በላይ ማሞገስ አይገባም። ጉልተኛው በጉልቱ ላይ ዳኛም ነበር። ጭሰኛ ከጌታው ጋር ሲሟገት ዳኛ የመምረጥ ዕድል አልነበረውም። «በላ ልበልሃ» ተብሎ በሚካሄደው ሙግትም አንደበተ ርቱዕ ያሸንፋል፤ አንደበት የሌለው ነገረ ፈጅ ይፈልጋል። የዛሬው ጠበቃ የሩቅ ዘመድ ያ ነገረ ፈጅ ነው።

ጣልያን ከወጣ በኋላ መንግሥት ፍርዱን ወደ ራሱ ሰበሰበ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አደራጀ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አጥቢያ ዳኛ መጣ። እስከ 25 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር ያይ ነበር። የአገሩ ሰው ነው፤ የማንን ማሳ ማን እንደሚያርስ ያውቃል። ሆኖም ሿሚው መንግሥት እንጂ ተሟጋቹ አልነበረም።

የካቲት 1967 ዓ.ም. ይህ ሁሉ ተገለበጠ። የገጠር መሬት አዋጁ የርስት ሙግትን ከመደበኛ ፍርድ ቤት አስወጥቶ ለገበሬ ማኅበር ሰጠ። ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ክርክር ባንድ አዋጅ ተዘጋ። የማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ አባላት በገበሬው የሚመረጡ ገበሬዎች ነበሩ። አሁን ምርጫ ተገኘ። ነገር ግን ምርጫው በስብሰባ ላይ እጅ በማውጣት ነበር፤ እጅ ሲወጣ ደግሞ ማን እንዳላወጣ ይታያል። እንዲህ የተመረጠ ዳኛ መራጩን ብቻ ሳይሆን መድረኩን የያዘውንም ይፈራል።

ዛሬስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 81 መልሱን ይሰጣል። የክልል ዳኞች በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቅራቢነት በክልሉ ምክር ቤት ይሾማሉ። ነፋስ መውጫ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ላይ የሚያስችል የወረዳ ዳኛ ሹመቱ የሚጸድቀው ባሕር ዳር ነው። ሃያ ዓመት በጥብቅና የሠራ የአካባቢው ሰው «ምረጡኝ» ብሎ ገበያ መሀል ሊቆም አይችልም።

በአሜሪካ ግን ይችላል። ሚሲሲፒ ዳኞቿን ሁሉ በሕዝብ ማስመረጥ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1832 ነው፤ ዛሬም በብዙ ግዛቶች ጠበቃ ለዳኝነት ይወዳደራል። ውጤቱ ሁልጊዜ አያምርም። እ.ኤ.አ. በ2004 በዌስት ቨርጂኒያ አንድ የድንጋይ ከሰል ኩባንያ ኃላፊ አንድ ጠበቃ ለግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲመረጥ ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ጠበቃው ተመረጠ፤ ከዚያም በዚያው ኩባንያ ይግባኝ ላይ ተቀምጦ ለኩባንያው ፈረደ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «መነሳት ነበረበት» ያለው በ2009 ነው፤ ያውም 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ።

ስለዚህ ምርጫ ብቻውን ፍትሕ አያመጣም። ገንዘብ የመረጠው ዳኛ ለገንዘብ፣ ካድሬ ያስመረጠው ለካድሬ፣ ሹም ያስቀመጠው ለሹም ባለዕዳ ይሆናል። የአካባቢው ነባር ጠበቃም የራሱ ጣጣ አለው። ሕግና አገር ያውቃል፤ ግን ግማሹ ገበያተኛ የቀድሞ ደንበኛው፣ ግማሹ የደንበኛው ባላጋራ ነው። ቀድሞ የያዘው ጉዳይ ሲቀርብ ከችሎት መነሳት ግዴታው ነው። በትንሽ ከተማ ይህ በየሳምንቱ ሊያጋጥም ይችላል።

ከመንገድ ዳኛ መውረስ ያለብን ምርጫውን ሳይሆን ስምምነቱን ነው። ተሸናፊውም ሳይቀር «ይህ ሰው ይዳኘኝ» ያለበትን ስምምነት። ሹመቱ በምክር ቤት ይሁን፤ ነገር ግን የዕጩው ስም ከሹመቱ በፊት በወረዳው ገበያ ቀን ይነበብ። የሚያውቀው ሁሉ፣ በእሱ የተረታው ጭምር፣ ያለውን ይናገር። ጉባኤውም ሰምቶ ይመዝን።

ገበሬው ዳኛውን ባይመርጥ እንኳ፣ ዳኛው ከመምጣቱ በፊት ማንነቱን ቢጠየቅ ምን ይጎዳል?