ሰሙ ሳይቀልጥ

«ሰምና ወርቅ» ሲባል የቅኔ ወዳጅ የሚያስበው ቃሉንና ምሥጢሩን ነው። ስያሜው ግን ከአንጥረኛ ቤት የተወሰደ ነው። አንጥረኛው ያሰበውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጣል፤ በእሳት አቅልጦ ያስወጣዋል፤ በባዶው ሥፍራም ወርቁን ያፈስሳል። ስሕተት በቀላሉ የሚታረመው ሰሙ ሳይቀልጥ ነው።

ዛሬ የሶፍትዌር ባለሙያዎች «ፕሮቶታይፕ» የሚሉት ይህንኑ ሰም ነው፤ እውነተኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚታይ፣ የሚነካና ያለ ጸጸት የሚጣል አምሳያ።

ወሎ ለዚህ ጉዳይ የብረት ምስክር አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የሰበሰቧቸው አውሮጳውያን የእጅ ባለሙያዎች መጀመሪያ ሞክረው ወደቁ፤ ከዚያ ትንንሽ መድፍ ማቅለጥ ለመዱ፤ በመጨረሻም 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል አወጡ። ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ደላንታንና የበሸሎን ሸለቆ ተሻግሮ በመጋቢት 1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 3 ቀን በእሮጌ ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዞ መጣ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ በገዛ እጃቸው ዐረፉ። መድፉ ዛሬም እዚያው አምባ ላይ አለ።

ልብ እንበል፤ ትንንሾቹ መድፎች የመለሱት ጥያቄ «ይህን መሥራት እንችላለን?» የሚለውን ነው። «የሚመጣውን ጠላት ይመልሳልን?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነበር። አምሳያ የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል።

የሶፍትዌር ሰዎችም ይህን የተማሩት በብዙ ኪሣራ ነው። ፍሬድ ብሩክስ በ1975 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሥራ ለመጣል አስቀድማችሁ አቅዱ ሲል መከረ፤ ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ ምክሩን ራሱ አረመና ጥቂት በጥቂት እያሳደጉ መሥራት ይሻላል አለ። በ1987 አፕል ያወጣው ሃይፐርካርድ ገጾችን እንደ ካርታ ደርድሮ፣ አንዱን ሲነኩት ወደ ሌላው የሚያሻግር ነበር፤ በ2016 ለሕዝብ የተከፈተው ፊግማ ደግሞ ብዙ ሰዎች በአንድ ንድፍ ላይ በአንድ ጊዜ እንዲሠሩ አስቻለ። ከሁሉ የሚቀድመው መሣሪያ ግን ወረቀትና እርሳስ ነው። ገጾቹ በየወረቀቱ ይሣላሉ፤ ተጠቃሚው በጣቱ ይነካል፤ ሌላው ሰው ወረቀቱን ይቀይራል።

እንበልና አንድ የኮምቦልቻ ተማሪ የሐኪም ቤት ተራ መያዣ አሰበ። ወረቀቱን ከቦሩ ሜዳ ለመጡ አንዲት እናት ዘረጋላቸው። የመጀመሪያው ገጽ ስም ጻፉ ይላል፤ እርሳቸው ግን ፊደል አልቆጠሩም። ስሕተቱ የፈጀው አንድ ቅጠል ወረቀት ብቻ ነው። ያው ስሕተት ከዓመት ድካም በኋላ ቢገለጥስ?

በ2014 ዓ.ም. መኸር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ በሁለቱ ከተሞች ግቢ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ፤ ዕቃውም ወደመ። ኮምፒዩተር ተጭኖ ይሄዳል። እርሳሱንና ያንን የአንጥረኛ ልማድ ግን ማንም ጭኖ አይወስድም፤ ሠርቶ ማሳየት፣ ተሳስቶ ማረም፣ ወርቁንም ኋላ ማፍሰስ።