ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ፦ ዕዳው ስንት ነው? ምን ያስገኛል?

12ኛን አልፋችሁ ናቹራል ሳይንስ የሆናችሁ የግንደወይን ልጆች፣ «ኤሌክትሪካል ይሻለኛል?» እያላችሁ ከሆነ መጀመሪያ ሂሳቡን እንይ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ አይደለም፣ ዱቤ ነው።

ዱቤው ኮስት ሼሪንግ ይባላል። በደንቡ መሠረት የምግብና የመኝታ ወጪ ሙሉ በሙሉ የተማሪው ነው፤ ከትምህርቱ ወጪም ቢያንስ 15 በመቶው። ሥራ ስትይዙ ከደሞዛችሁ ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጣል።

የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በዓመት 10 ወር ካምፓስ ብትቆዩ ምግቡ ብቻ 30,000 ብር ገደማ ይመጣል። ኤሌክትሪካል 5 ዓመት ስለሆነ 150,000 ይደርሳል። ኬሚስትሪ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ግን 4 ዓመት ነው፣ 120,000 ላይ ይቆማል። ይሄ የኛ ግምት ነው፤ የእናንተ ቁጥር የምትፈርሙት ውል ላይ አለ። ሳታነቡ አትፈርሙ፣ ፎቶም አንሱት። ዕዳው ካልተዘጋ ኦሪጅናል ዲግሪ የለም፣ በቴምፖ ነው የምትዞሩት።

የት እንማር? ቅርባችን ያሉት ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ሁለቱም ትምህርቱን ይሰጣሉ። ባሕር ዳር ከ1955ቱ ፖሊ ቴክኒክ የመጣ አንጋፋ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ሥራ የጀመረው በ1999 ነው። አዳማ እና አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ደግሞ የራሳቸው መግቢያ ፈተና አላቸው። የኮስት ሼሪንጉ ደንብ ለሁሉም አንድ ነው። ቤተሰብን የሚጎዳው ከቤት የሚላከው ብር ነው፦ ትራንስፖርት፣ ላፕቶፕ፣ ኮፒ። ስለዚህ ቅርብ መማር ራሱ ቅናሽ ነው። የግል ኮሌጅ ማስታወቂያ ካያችሁ ግን ብር ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለዚያ ፕሮግራም፣ ለዚያው ካምፓስ ፈቃድ መስጠቱን አጣሩ።

ጥቅሙስ? የዲግሪው ዋጋ የሚለየው መጨረሻ ላይ በምትመርጡት ዘርፍ ነው፦ ፓወር፣ ኮሙኒኬሽን፣ ኮንትሮል ወይም ኮምፒውተር። ብዙ ሰው 5,150 ሜጋ ዋት ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 2017 ስለተመረቀ ፓወር ያዋጣል ይላል። ኧረ ቀስ! ማመንጫ ጣቢያ ብዙ ሰው አይቀጥርም። ፓወር ለተማረ ሰው ሰፊው ሥራ መስመር ዝርጋታ፣ ሰብስቴሽን፣ ፋብሪካና ሶላር ላይ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል (ማመንጫና ከፍተኛ መስመር) እና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት (እስከ ቤታችን ቆጣሪ) ሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች መሆናቸውንም ሲቪ ስትልኩ አትርሱ።

ኢንተርንሺፑን ለወረቀት ብቻ አትጨርሱት፤ መሣሪያ የነካ ልጅ ኢንተርቪው ላይ ያስታውቃል። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ያለ መውጫ ፈተና ዲግሪ የለም፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው።

የምትፈልጉት የቤት ሽቦ ዝርጋታ፣ የሞተር ጥገና ወይም ሶላር መግጠም ከሆነ ግን 5 ዓመትም ይሄ ሁሉ ዕዳም አያስፈልግም። ቴክኒክና ሙያ ገብታችሁ፣ ሲኦሲ አልፋችሁ፣ የክፍል ጓደኞቻችሁ ገና ካምፓስ እያሉ ብር ማግኘት ትጀምራላችሁ።