አረጋውያን አካላዊ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ የሚያግዙና የሚገድቡ ሁኔታዎች

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ ሊያደርጉ ይገባል። በተጨማሪም በሳምንት 3 ቀንና ከዚያ በላይ የሰውነት ሚዛንንና የጡንቻ ጥንካሬን የሚያዳብር እንቅስቃሴ ይመከራል። እየተራመዱ መነጋገር የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያስቸግርበት ፍጥነት መካከለኛ ይባላል።

አረጋውያን ከዚህ መጠን በታች የሚንቀሳቀሱት በዕድሜያቸው ምክንያት ብቻ አይደለም። አብዛኞቹ ምክንያቶች ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸው።

የጤና ሁኔታ
የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የእይታ መቀነስና የመውደቅ ፍርሃት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ይሁንና መንቀሳቀስ ሲቀር ጡንቻ ስለሚዳከም የመውደቅ አደጋው ይብሳል። እይታን የሚጋርድ የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱና ከመቀመጫ ሲነሡ የሚያዞርዎት ከሆነ፣ መድኃኒቱን በራስዎ ሳያቋርጡ ባለሙያ ያማክሩ።

ቤተሰብ
ታላቅን ማክበር መልካም ባህላችን ነው። ሆኖም «እርስዎ ይቀመጡ» እያሉ ሥራን ሁሉ ከእጃቸው መቀበል አረጋውያንን ያዳክማል። ቡና ማፍላት፣ እህል መልቀም ወይም ጓሮ መኮትኮት የሚችሉ ከሆነ ሥራውን ይተዉላቸው፤ ከባዱን ብቻ ያግዟቸው።

አካባቢ
የተሰባበረ የእግረኛ መንገድ፣ ክዳን የሌለው ቦይ፣ የማረፊያ ወንበር እጦትና አሳንሰር የሌለው የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አረጋውያንን ቤት ያውላሉ። የተጎዳ መንገድ ወይም ክፍት ቦይ ሲያዩ ለወረዳዎ ወይም ለቀበሌዎ አስተዳደር ያመልክቱ። በአንጻሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ መስጊድ፣ ወደ እድር ወይም ወደ ገበያ ከጎረቤት ጋር በእግር መሄድ እንቅስቃሴን ልማድ ያደርጋል።

አጀማመርና ጥንቃቄ
ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ የቆዩ ከሆነ በጥቂት ደቂቃዎች ይጀምሩና ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ከጥቂቱም ጥቅም ይገኛል። የማያንሸራትት ጫማ ይጫሙ፤ የሚያስፈልግዎት ከሆነ ምርኩዝ ይያዙ። የደረት ሕመም፣ ራስን የመሳት ስሜት ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከተሰማዎት ወዲያውኑ አቁመው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ምክር ለማግኘት
የአካባቢዎን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያነጋግሩ ወይም በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይቅረቡ። ሲሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑም የአባልነት መታወቂያዎን ይያዙ።