ገለልተኛ ለመሆንም ጠመንጃ ያስፈልጋል

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን "ኢትዮጵያ ከማን ጎን ትሰለፍ?" የሚለው ክርክር በርትቷል። አንዱ ምዕራብ ይላል፣ ሌላው ምሥራቅ። እኔ የማምነው በታጠቀ ገለልተኝነት ነው፦ ከማንም ጋር አለመሰለፍ፣ ግን ራስን ለመከላከል የሚበቃ ትጥቅ መያዝ። ወልቂጤ ሳስተምር "ገለልተኛ ከሆንን ጦር ምን ያደርግልናል?" ያለኝ ተማሪ ነበር። መልሱ ያለው ቡታጅራ ነው አልኩት።

ራስ ደስታ ዳምጠው ተይዘው የተረሸኑት በቡታጅራ አካባቢ ነው፤ የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም.። አባታቸው ፊታውራሪ ዳምጠው የወደቁት ዓድዋ ላይ። አባት በድል ቀን፣ ልጅ ከሽንፈት በኋላ፤ መሃሉ 41 ዓመት። ልጅየው ጀግንነት አንሷቸው ነው የሚል ካለ ታሪኩን አላነበበም። ገናሌ ዶርያ ላይ ጦራቸው በግራዚያኒ አውሮፕላንና ታንክ ከተሰበረ በኋላ እንኳ አንድ ዓመት ሙሉ ተዋግተዋል።

ልዩነቱ ትጥቁ ነው። ምኒልክ ዓድዋ የዘመቱት ከፈረንሳይም፣ ከሩሲያም፣ ከራሷ ከጣሊያን ሳይቀር ጠመንጃ ሰብስበው ነው። በ1927 ግን መንገዱ ሁሉ ተዘጋ። ወረራው ሲቃረብ እንግሊዝና ፈረንሳይ "ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም" አሉ። ለሁለቱም! ጣሊያን እኮ የራሷ ፋብሪካ አላት። እኛ ወደብ የለን፣ ባቡሩም የፈረንሳይ ኩባንያ። አሜሪካም የገለልተኝነት ሕግ አውጥታ ያንኑ አደረገች። እኛ ደግሞ ከ1916 ጀምሮ አባል የሆንበትን የመንግሥታቱን ማኅበር አምነን ነበር፤ ማኅበሩ የመሣሪያ ክልከላው ከእኛ ላይ እንዲነሳ የወሰነው ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1904 በጻፉት "አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ" ውስጥ ደመወዝ ያለው፣ በሥርዓት የሰለጠነ ጦር እንዲቋቋም መክረው ነበር። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1927፤ ከ20 ዓመት በላይ ዘግይቶ! የመጀመሪያዎቹ ዕጩ መኮንኖች በቅጡ ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰ። አሠልጣኞቻቸው ስዊድናውያን ነበሩ። ስዊድን ራሷ የጦር አውሮፕላኗን እስከ መሥራት ደርሳ በገለልተኝነት የኖረች አገር ናት። (አዎ፣ በቅርቡ ኔቶ ገብታለች። ግን 200 ዓመት ያለ ጦርነት ከኖረች በኋላ ነው።)

ከነጻነት በኋላስ? ባንዱንግም ቤልግሬድም ተገኝተን "ገለልተኛ ነን" አልን፤ ትጥቃችን ግን በአብዛኛው የአሜሪካ። በ1969 አሜሪካ እጇን ሰበሰበች፣ በዚያው ዓመት ሶማሊያ ወረረችን። ሶቪየት ኅብረት ደረሰችልን፤ እኛም ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ዞርን።

"ደርግስ ከአፍሪካ ትልልቅ ጦሮች አንዱን ገንብቶ የት ደረሰ?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ትክክል ናችሁ፤ ስለ ብዛት አይደለም የማወራው። ከአንድ ሻጭ ብቻ አለመግዛት፣ ጥይቱንና መለዋወጫውን እዚሁ መሥራት፣ የጦሩን ፊት ከገዛ ሕዝቡ መልሶ ወደ ድንበር ማዞር ነው የምለው። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል።

የቡታጅራና የመስቃን ልጆች፣ ራስ ደስታ ስለተያዙበት ቀን ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ እስቲ ከታች ጻፉልኝ።